ስልክ ላይ ጽሑፍ ሳይንገጫገጭ እንዲወርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አማርኛ ለማንበብ የሚሆን ትንሽ አፕ እሰራለሁ። ከሁለቱም በኩል የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጽሑፉን በጣቴ ስገፋው ለምን ይንገጫገጫል?» አንዳንዱ «ስታክ ያደርጋል» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ይጎተታል» ይለዋል። ቆሜ የምመልሰውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ለሚያነበው ሰው የሚሆነው ይቀድማል። አፕ ወይም ድረ ገጽ ለሚሰራው የሚሆነው ከዚያ ይከተላል።

መንገጫገጩ በትክክል ምንድን ነው?

ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ስልኩ የቆመ ምስል ነው ቶሎ ቶሎ የሚቀያይረው። ብዙ ስልክ በ1 ሰከንድ 60 ጊዜ ይቀይራል። 60 ኸርዝ የሚባለው ይሄ ነው። ሰከንዷን ለ60 ብናካፍላት ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል።

አውቶቡስ አስቡ። ሰው እስኪሞላ የሚጠብቀውን ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ የሚነሳውን። አዲሱ ፍሬም ተዘጋጅቶ ከጠበቀ ይሳፈራል። በ1 ሚሊ ሰከንድ እንኳ ካረፈደ ያመልጠዋል። ያኔ ስክሪኑ የቀድሞውን ምስል ደግሞ ያሳያል። አዲሱ የሚቀጥለውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ጣታችን ግን አልቆመም። ስለዚህ ጽሑፉ መጀመሪያ ይቆማል፣ ቀጥሎ የሁለት ፍሬም መንገድ በአንዴ ይዘላል። ዓይናችን «ገጭ» ሲል የሚያየው ይህንን ነው።

ከዚህ የሚወጣውን ነገር ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ችግሩ ስልኩ ቀርፋፋ መሆኑ ብቻ አይደለም። ስራው መቼ ተሰራ የሚለው ነው። ጣት ስክሪኑ ላይ እያለ የሚጀመር ከባድ ስራ ያንገጫግጫል። ቀድሞ ተሰርቶ የተቀመጠ ስራ ግን ደካማ ስልክ ላይም አያንገጫግጭም።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 አንድሮይድ 4.1ን ሲያወጣ ይህንኑ መንገጫገጭ ለመቀነስ የሰራውን ስራ «ፕሮጀክት በተር» ብሎት ነበር። ቅቤ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድሮይድ የራሱን ስራ ከስክሪኑ ሰዓት ጋር አስማምቶ ይሰራል። የቀረው በአብዛኛው የአፕ ሰሪው እጅ ላይ ነው።

ትንሽ ቢገጭስ ምን ችግር አለው?

እናቴ የጸሎት መጽሐፏን ስልክ ላይ ነው የምታነበው። ዓይኗ ስለደከመ ፊደሉን ትልቅ አድርጌላታለሁ። 5 ኢንች ስክሪን ላይ በአንድ መስመር የሚገባው ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። ስለዚህ አንዷን ገጽ ለመጨረስ አውራ ጣቷን ደጋግማ ትገፋለች።

አንድ ቀን ጠዋት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። ጣቷን ስታነሳ ጽሑፉ ቆም አለና ዘለለ። ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አቆመ። ወደ ላይ መለሰችው፣ አሁንም ዘለለ። መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ አንቀጹን እንደገና ከላይ ጀመረችው። ይህ በአንድ ጸሎት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆነ። አፑን የሰራሁት እኔ ነበርኩ።

የሚያነብ ሰው ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ተተክሎ ነው ጽሑፉን ወደ ላይ የሚሸኘው። መስመሩ በእርጋታ ከሄደ ዓይን አብሮ ይሄዳል። ከዘለለ ይጠፋዋል። ፎቶ ወይም ቪዲዮ እያገላበጠ ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለሚያነብ ሰው ግን ዋናው ነገር ነው።

ጠዋት ጠዋት ፊደሉ ጥላ እየጎተተ ይወርዳል። ስክሪኑ ተበላሽቶ ነው?

ይህን ጥያቄ በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ትላለች። በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ርካሽ ስልኮች ላይ በብዛት ያለው ኤልሲዲ ስክሪን ውስጡ ፈሳሽ ክሪስታል አለው። ፊደል የሚታየው ይህ ፈሳሽ አቅጣጫውን ሲቀይር ነው። ብርድ ሲመታው እንደ ረጋ ዘይት ይወፍርና ቶሎ መዞር ያቅተዋል። አዲሱ ምስል መጥቶ የድሮው ገና አልጠፋም። ስለዚህ ጥቁር ፊደል ነጭ ላይ ሲወርድ ከኋላው ግራጫ ጅራት ይጎትታል። ፍሬም አልዘገየም፤ የዘገየው ስክሪኑ ነው።

ስልኩን ጋቢ ውስጥ ወይም ደረት ኪስ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ይመለሳል። እሳት ዳር ወይም ምድጃ ላይ አታስቀምጡት፤ ባትሪውን ይጎዳል። ከውጭ በርዶ የገባ ስልክ ቻርጅ ከመደረጉ በፊትም ትንሽ ይሙቅ፤ ሊቲየም ባትሪ በውርጭ ሲሞላ ይጎዳል። ኦሌድ ስክሪን ያላቸው ስልኮች ፈሳሽ ክሪስታል ስለሌላቸው እንዲህ ዓይነቱ ጅራት አያስቸግራቸውም።

አሁን ይህንኑ ስልክ ይዛችሁ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ በደብረ ሲና ውረዱ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጅራቱ ጠፍቷል። በምትኩ ጽሑፉ መገጨት ይጀምራል። እዚህ የሚዘገየው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሰራው የስልኩ ቺፕ ነው። ስልክ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ12 ሚሊ ሰከንድ ያልቅ የነበረው ፍሬም 20 ሲፈጅበት አውቶቡሱ ያመልጠዋል። ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ ቻርጅ እያደረጋችሁ አታንብቡ፣ ወፍራም ሽፋን ካለው አውልቁለት፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደንበኛዬ በአንድ ቀን ሁለቱንም ዓይነት አይቶ ስልኩን ሊጥለው ነበር። ስልኩ ምንም አልሆነም።

ስልኬ አሮጌ ነው። ሌላ ልግዛ?

ቆዩ። መጀመሪያ ስቶሬጁን እዩ። ሞልቶ ጢም ካለ ስልኩ አንድ ነገር በጻፈ ቁጥር ቦታ ማጽዳት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ሁሉንም ነገር ያዘገያል። ቢያንስ ከአሥር አንድ እጁ ባዶ ይሁን። የብዙ ሰው ስልክ የሚሞላው በግሩፕ በሚላኩ ቪዲዮዎች ነው። ቴሌግራም ውስጥ ገብታችሁ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን አጽዱ፣ ፋይሎቹ በራሳቸው እንዳይወርዱም ዝጉ።

ቀጥሎ ባተሪ ሴቨር በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ። እሱ ሲበራ ብዙ ስልኮች ፕሮሰሰሩን ያዘገያሉ፣ አንዳንዶቹ የስክሪኑንም ፍጥነት ይቀንሳሉ። መብራት ስለሚቆራረጥ ብዙ ሰው ሁልጊዜ አብርቶት ይኖራል። ስታነቡ ብቻ አጥፉት።

ከዚያ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ለሳምንታት ጠፍቶ የማያውቅ ስልክ ግን ልዩነቱን ያሳያችኋል።

እነዚህን አድርጋችሁ አንድ አፕ ላይ ብቻ ከተንገጫገጨ ጥፋቱ የአፑ ነው። ሁሉም ላይ ከተንገጫገጨ ያኔ ስለ ስልኩ እንነጋገር።

ራም የሚያጸዳ አፕ ልጫንለት?

አይሆንም። አንድሮይድ ራሱ ራሙን ያስተዳድራል። ማጽጃው የሚዘጋቸውን አፖች ስልኩ መልሶ ይከፍታቸዋል። መክፈቱ ደግሞ ተጨማሪ ስራ ነው፣ ያውም እናንተ እያነበባችሁ ሳለ።

ዴቨሎፐር ኦፕሽን ገብተህ አኒሜሽን አጥፋ ይሉኛል። ይረዳል?

ዴቨሎፐር ኦፕሽን ለአፕ ሰሪዎች የተዘጋጀ የተደበቀ የሴቲንግ ክፍል ነው። ለመክፈት ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ትነካላችሁ። እዚያ ያሉት ሦስቱ የአኒሜሽን መጠኖች የመስኮት መክፈቻና መዝጊያውን ነው በዋናነት የሚያሳጥሩት። ስልኩ የፈጠነ ይመስላል። የጽሑፉ መንገጫገጭ ግን አይነካም።

እዚያው ቦታ ሌላ ጠቃሚ ነገር አለ። «ፕሮፋይል ጂፒዩ ሬንደሪንግ» ይባላል፤ አዳዲሶቹ ላይ በጂፒዩ ፈንታ «ኤችደብሊውዩአይ» ይላል። ከሱ ውስጥ በስክሪኑ ላይ በባር የሚያሳየውን ምረጡ። ከታች ትንንሽ ቋሚ ዘንጎች ይበቅላሉ። እያንዳንዱ ዘንግ አንድ ፍሬም ነው። አረንጓዴው አግድም መስመር የ16 ሚሊ ሰከንድ ወሰን ነው። ጽሑፉን ስትገፉት ዘንጎቹ ከመስመሩ በታች ከቆዩ ደህና ነው። አንዱ ብቻውን እንደ ግንብ ከተመዘዘ ገጭ ያለው እሱ ነው። ሰው ሱቄ ሲመጣ መጀመሪያ የማበራው ይህንን ነው። ክርክር ያስቀራል።

90 ወይም 120 ኸርዝ ስክሪን ልግዛ?

አቅም ካለ ለዓይን ያምራል። ግን አውቶቡሱም ቶሎ ቶሎ እንደሚነሳ እወቁ። በ90 ኸርዝ ለአንዱ ፍሬም የሚኖረው 11.1 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ በ120 ደግሞ 8.3። ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ባለ 120 ስልክ ጠንካራ ፕሮሰሰር ካለው ባለ 60 ስልክ የባሰ ሊንገጫገጭ ይችላል። ለንባብ ብቻ ከሆነ ጥሩ 60 ይበቃል።

ቻርጀር ላይ ሲሰካ ጽሑፉ በራሱ ይዘላል። ለምን?

ቻርጀሩን ቀይሩት። ስክሪኑ ጣትን የሚያውቀው በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለካት ነው። በደንብ ያልተሰራ ቻርጀር ደግሞ በሽቦው በኩል ረብሻ ይልካል። ስልኩ ጣታችሁ ያለበትን ቦታ ይስታል። ነቅላችሁ ሲስተካከል አገኛችሁት ማለት ነው።

እርጥብ ጣት፣ ሊጥ የነካው ጣት፣ ተሰነጣጥቆ የተላጠ ስክሪን ፕሮቴክተር ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። የሱፍ ጓንት ካደረጋችሁ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ስልኩን ያከብደዋል?

በአንድ በኩል ይቀልለዋል፣ በሌላ በኩል ይከብደዋል። አፕ የምትሰሩ ይህንን በደንብ አንብቡልኝ።

የሚቀልለው ይሄ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደንብ) ውስጥ ሲገባ «ለ» እና «ሉ» እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቦታ አገኙ። ስልኩ አናባቢውን ከተነባቢው ጋር እያጣበቀ መሳል የለበትም። እንደ ዐረብኛ ፊደሉ በጎረቤቱ ምክንያት ቅርጹን አይቀይርም። አንድ ኮድ፣ አንድ ቅርጽ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚከብደው የቅርጹ ብዛት ነው። ስልክ አንድን ፊደል መጀመሪያ ሲያገኘው ከፎንቱ መስመሮች ተነስቶ ይስለዋል። ከዚያ ስዕሉን አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ ሲያገኘው ከዚያ ያነሳል። እንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ስለሆነ አንድ ስክሪን ሳይሞላ አብዛኛው ተስሎ ያልቃል። እኛ 33ቱን በ7 ስናባዛ ብቻ 231 ነው፤ እነ ቋ እና ሏ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ መጽሐፉን እንደከፈታችሁ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ግፊቶች ላይ ስልኩ አዳዲስ ፊደል ያገኛል። በዚያ ላይ ጣት አለ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የሚገጨው፣ ቆይቶ የሚሻለው። ርዕሱ በደማቅ፣ ጥቅሱ በሌላ መጠን ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ እንደገና ይሳላል።

መድኃኒቱ አፑ ሲከፈት፣ ጣት ስክሪኑን ከመንካቱ በፊት፣ ፊደሎቹን በምትጠቀሙበት መጠን አንዴ እንዲሳሉ ማድረግ ነው። የፎንት ዓይነትና መጠንም ቀንሱ። አንድ ፎንት በሁለት መጠን ለንባብ ይበቃል።

ሌላው የመስመር መቁረጥ ነው። በድሮው አጻጻፍ ቃልን የሚለየው ባዶ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነው፤ «፡» ማለቴ ነው። በዩኒኮድ ደንብ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር መቁረጥ ይቻላል። ራሱ ኮድ ጽፎ በባዶ ቦታ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ግን ሙሉውን አንቀጽ እንደ አንድ ቃል ያየዋል። ያኔ ወይ ጽሑፉ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ወይ እያንዳንዱን ፊደል እየለካ ጊዜ ይፈጃል። የግዕዝ ጽሑፍ የምታስገቡ ይህንን አትርሱ።

ስለ ፋይሉ ክብደት የሚጠይቁም አሉ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የእንግሊዝኛው 1 ነው። ስክሮል፣ ማለትም ጽሑፉን በጣት መግፋቱ ላይ ይህ የሚያመጣው ልዩነት ከቁጥር አይገባም።

አፕ እየሰራሁ ነው። ረጅም ጽሑፍ እንዴት ላስገባ?

እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው አፕ ላይ ሙሉውን መጽሐፍ በአንድ ቴክስትቪው (ጽሑፍ የሚያሳይ ሳጥን) ውስጥ አስገብቼ ስክሮልቪው (በጣት የሚገፋ መያዣ) አለበስኩት። የኔ ስልክ ላይ ችግር አልነበረውም። እናቴ ስልክ ላይ ለመክፈት ብቻ ቆየ። ስልኩ አንዷን መስመር ለማሳየት የሺዎቹን መስመር ስፋት ሁሉ መለካት ነበረበት።

ከዚያ በየአንቀጹ ቆርጬ ሪሳይክለርቪው ላይ አደረግኩት። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ጥቂት አንቀጾች ብቻ ይይዛል፤ ከላይ የወጣውን ሳጥን አንስቶ ከታች ለሚመጣው አንቀጽ ይጠቀምበታል። በጣም ተሻለ። ግን አሁንም በየአራት አምስት መስመሩ ገጭ ይል ነበር። ሁለት ሌሊት ፈለግኩት። በመጨረሻ አንድ መስመር ኮድ ሆኖ ተገኘ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ፎንቱን ከፋይል እንደ አዲስ እከፍት ነበር። አፑ ሲነሳ አንዴ ብቻ ከፍቼ እንዲያዝ አደረግኩት። መገጨቱ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ደንብ ቀላል ነው። አንቀጽ ወደ ስክሪን በሚገባበት ቅጽበት ጽሑፉን ከማስቀመጥ ሌላ ምንም አይሰራ። ፋይል አይከፈት። ዳታቤዝ አይጠየቅ። የዘመን አቆጣጠር አይቀየር። ይህ ሁሉ ቀድሞ በሌላ ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄድ የስራ መስመር ይጠናቀቅ።

አንቀጹ ራሱ ረጅም ከሆነ መለካቱንም ቀድማችሁ መስራት ትችላላችሁ። አንድሮይድ 9 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ፕሪኮምፒዩትድቴክስት የሚባል ነገር አመጣ። ጽሑፉን ከጀርባ ለክቶ ያስቀምጥና ዋናው ትሬድ የተለካውን ብቻ ያነሳል። ለቆዩ ስልኮችም አንድሮይድኤክስ በሚባለው የጉግል የኮድ ስብስብ በኩል ይገኛል። የቃል መክፈያ ሰረዝ ከበራም አጥፉት። ጊዜ ይበላል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አፑን ካገኛችሁት እጅግ ደካማ ስልክ ላይ ሞክሩት። እኔ ሱቅ ውስጥ ለዚህ ብቻ ብዬ ባለ 1 ጊጋ ራም አሮጌ ስልክ አስቀምጫለሁ። እሱ ላይ ያለፈ የትም ያልፋል።

ድረ ገጽ ከሆነስ?

መርሁ ያው ነው። የሚለዩት ጥቂት ናቸው።

ጣትን የሚያዳምጥ ኮድ ካላችሁ ፓሲቭ (ስክሮሉን የማይከለክል) ብላችሁ አስመዝግቡት። አለበለዚያ ብራውዘሩ «ይህ ኮድ ስክሮሉን ሊከለክለኝ ይችላል» ብሎ ኮዱ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ምስል ወርድና ቁመቱን ጻፉ። ካልጻፋችሁ ኔትወርኩ አዝግሞ ምስሉ ሲደርስ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፤ እያነበበ ያለ ሰው መስመሩ ይጠፋዋል። እኛ አካባቢ ከከተማ ወጣ ሲባል ኔትወርኩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ አንባቢ ምስሉ የሚደርሰው ሁለተኛውን አንቀጽ ሲያጋምስ ነው።

ፎንትም እንደዚሁ ነው። ዘግይቶ የሚደርስ ቆንጆ ፎንት መስመሩን ሁሉ እንደ አዲስ ይቆርጠዋል። አንድሮይድ ኖቶ የሚባለውን የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ይዞ ይመጣል፤ ለረጅም ንባብ በእሱ ብትረኩ ይሻላል። ጥላ፣ ብዥታ፣ ከኋላ ቆሞ የማይንቀሳቀስ የጀርባ ስዕል ሁሉም በየፍሬሙ ዋጋ ያስከፍላሉ። ስክሮሉን ራሳችሁ በጃቫስክሪፕት ለመስራት አትሞክሩ። የብራውዘሩ ይበልጣል፣ ሰውም የለመደው እሱን ነው።

ጽሑፉ ሳይነካ በራሱ እንዲወርድ እፈልጋለሁ። እንዴት ልስላሴ ይኖረዋል?

ይህን የሚጠይቁኝ መዝሙር የሚመሩና ሰው ፊት ቆመው የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛው ርቀቱን በፍሬም ቁጥር ሳይሆን ባለፈው ጊዜ አስሉ። «በየፍሬሙ 1 ፒክስል (አንድ የስክሪን ነጥብ)» ካላችሁ 60 ኸርዝ ላይ በሰከንድ 60 ፒክስል ይሄዳል፣ 120 ላይ ደግሞ እጥፍ ይሮጣል። አንባቢው ይቀደማል።

ሁለተኛው የፍጥነቱ ምርጫ ነው። በ60 ኸርዝ ስክሪን በሰከንድ 45 ፒክስል ብትሉ ሦስት ፍሬም ይሄዳል፣ አንዱ ላይ ይቆማል፣ እንደገና ሦስት ይሄዳል። ምንም ፍሬም ሳይጠፋ ይንቀጠቀጣል። 30 ወይም 60 ብትሉ ግን እርምጃው እኩል ነው። ብዙ ሰው ኮዱን ሲወቅስ ጥፋቱ የቁጥሩ ነው።

ጣት ሲነካው ወዲያው ይቁም፣ ሲለቀቅ ከቆመበት ይቀጥል።

128 በ64 የሆነች ትንሽ ኦሌድ ላይ በአርዱይኖ አማርኛ ማስኬድ ይቻላል?

ይቻላል። አርዱይኖ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የመለማመጃ ቦርድ ነው፤ ተማሪዎች ሲሰሩበት ሳይ ደስ ይለኛል። ስሌቱ ግን መቅደም አለበት። ኤስኤስዲ1306 በሚባለው ቺፕ የምትሰራዋ ስክሪን ሙሉ ምስሏ 1,024 ባይት ነው። ቦርዱን ከስክሪኗ ጋር በሚያገናኘው አይቱሲ በሚባለው መስመር አንድ ባይት ለመላክ 9 ቢት ይፈጃል። በ100 ኪሎ ኸርዝ ስትልኩ አንዱ ምስል 92 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ በሰከንድ 10 ገደማ ምስል ብቻ ማለት ነው። እሱ ነው የሚንገጫገጨው። ፍጥነቱን 400 አድርጉት፣ ወደ 23 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል።

ከዚያም የተሻለ አለ። ቺፑ ምስሉ ከየትኛው መስመር እንዲጀምር ትእዛዝ ይቀበላል። ጽሑፉን ወደ ላይ ለመግፋት ያንን ቁጥር በ1 መጨመር ብቻ ነው። አዲስ የምትልኩት ከታች የሚገባውን 8 መስመር፣ ማለትም 128 ባይት ነው። 3 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም።

ፊደሉን በ16 በ16 ከሳላችሁት አንዱ 32 ባይት ነው፣ 231ዱ 7,392 ባይት። የአርዱይኖ ኡኖ ራም 2 ኪሎ ባይት ብቻ ስለሆነ ፊደሎቹን 32 ኪሎ ባይት ባለው ፍላሽ ላይ አስቀምጧቸው።

መሻሻሉን እንዴት ላረጋግጥ? ዓይኔን አላምነውም።

ስሎው ሞሽን የሚቀርጽ ሌላ ስልክ ተዋሱ። በሰከንድ 240 ፍሬም ቅረጹት። ባለ 60 ኸርዝ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ምስል በቪዲዮው ውስጥ 4 ፍሬም ይቆያል። ቪዲዮውን አንድ በአንድ እያሳለፋችሁ አንዷን ፊደል ተከተሉ። እኔ «ጸ»ን ነው የምመርጠው፤ እግሯ ስለሚታይ። አራት ቆማ ከፍ ካለች፣ አራት ቆማ ከፍ ካለች ደህና ነው። ስምንት ከቆመች አንድ አውቶቡስ አምልጧታል።

ስክሮል ጭራሽ ባይኖርስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአንዳንድ አንባቢ የሚሻለው ገጽ መግለጥ ነው። ስክሪኑን አንዴ ነካ ሲያደርግ ቀጣዩ ገጽ ይመጣል። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ የሚገጭም የለም። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ለሚዞርበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት። የቀድሞው ገጽ የመጨረሻ መስመር በአዲሱ ገጽ አናት ላይ ተደግሞ ይታይ። አለበለዚያ አንባቢው «መስመር ዘለልኩ ወይ?» እያለ ወደ ኋላ ይመለሳል።

እናቴ ስልክ ላይ ሁለቱንም አስገብቼላታለሁ። ጠዋት በጸሎት ሰዓት ገጽ መግለጡን ትመርጣለች። ማታ ዜና ስታነብ ደግሞ በአውራ ጣቷ ትገፋዋለች።